«እናቴ የማህፀን መውጣት ችግሯን ለዓመታት ደብቃን ኖራለች፤ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል ወይ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣ የላኩልን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በወሎ፣ በደላንታ ገጠር የሚኖሩት እናትዎ 56 ዓመታቸው ነው፤ 7 ልጆች በቤታቸው ወልደዋል፤ የወር አበባቸው ከቆመም ዓመታት አልፈዋል። ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ወይም ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲውሉ «አንዳች ሥጋ» ከብልታቸው ወደ ውጭ ይወጣል። ድሮ ማታ ሲተኙ በራሱ ይመለስ ነበር፤ አሁን ግን በእጃቸው ካልገፉት አይገባም፤ ለመሽናትም መጀመሪያ በጣታቸው ወደ ውስጥ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ በውስጥ ልብሳቸው ላይ ደም ማየት ጀምረዋል። አንዲት ጎረቤት «ካንሰር ነው» ብለዋቸዋል፤ ሌላዋ በቅጠል ውኃ የተነከረ ጨርቅ እንዲወትፉበት መክረዋቸዋል። እርስዎም ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ያለ ቀዶ ጥገና ይድን እንደሆነ፣ ነገ በእርስዎም ላይ ይደርስ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከማብራሪያው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ምልክቶች ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ደሙ ነው። የወጣው የማህፀን ክፍል ከልብስ ጋር ሲፋተግና ሲደርቅ ስለሚቆስል፣ እንዲህ ባለ ሁኔታ ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ የእናትዎም ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም የምታይ ማንኛዋም ሴት የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር እንደሌለባት በምርመራ ሳይረጋገጥ «ቁስል ነው» ተብሎ መታለፍ የለባትም። ስለዚህ ጎረቤቲቱ ያሉት ነገር ያስደነገጣቸው እናትዎ ከፍርሃታቸው የሚገላገሉትም በዚሁ ምርመራ ነው። የማህፀን መውጣት በራሱ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርነትም የሚለወጥ ሕመም አይደለም። ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ አብረው እንዳይገኙ ማየት ግን የሐኪሙ ግዴታ ነው። ይህን ምርመራ እስከ መኸር ወይም እስከ በዓል እንዳያቆዩት አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ችግሩ ልመለስ። ማህፀን በዳሌ አጥንት መካከል ያለው በሁለት ዓይነት ድጋፍ ነው። ከታች እንደ ወለል ተዘርግተው የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ የሚሸከሙ ጠንካራ ጡንቻዎች አሉ፤ ከላይና ከጎን ደግሞ ማህፀንን ከዳሌ አጥንት ጋር የሚያያይዙ ጅማቶች አሉ። ልጅ በአንቀልባ ሲታዘል ክብደቱን የሚይዘው የታችኛው ቆዳ ነው፤ ማንገቻው የሚያገለግለው ቦታውን እንዳይለቅ ነው። ቆዳው ከረገበ ክብደቱ በሙሉ ማንገቻው ላይ ይወድቃል፤ እርሱም ቀስ በቀስ ይሳሳል። በማህፀንም የሚሆነው ይኸው ነው። በወሊድ ጊዜ የተጎዳው ጡንቻ መሸከም ሲያቅተው ጅማቶቹ ለዓመታት እየተለጠጡ ይቆያሉ፤ ከዚያም ማህፀኑ ወደ ብልት ቦይ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ከብልት አልፎ ወደ ውጭ ይታያል። ጉዳቱ በ25 ዓመት ዕድሜ ደርሶ ምልክቱ በ50 ዓመት የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማህፀኑ ራሱ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ድጋፉ ነው። ይህን ልዩነት መረዳት ስለ ሕክምናው የሚነገረውን ሁሉ ለመረዳት ይረዳል።

ድጋፉን የሚጎዱት ነገሮች በእናትዎ ታሪክ ውስጥ ብዙዎቹ ተሰባስበው ይታያሉ። ዋነኛው ወሊድ ነው፤ በተለይ ምጡ ሲራዘም፣ የማህፀን በር በሙሉ ሳይከፈት እናቲቱ እንድታምጥ ስትገደድ፣ ወይም ሆዷን ከላይ ወደ ታች እየገፉ ሲያዋልዷት ጡንቻውም ጅማቱም ይቀደዳል፣ ይለጠጣል። የወሊድ ቁጥር በጨመረ መጠን አደጋው ይጨምራል። ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ስለሚቀንስ ሕብረ ሕዋሱ ይሳሳል። የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት በሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት በየቀኑ ስለሚጨምሩ የረገበውን ድጋፍ ወደ ታች ይገፉታል። በቤተሰብ የሚወረስ የጅማት ድክመት ያለባቸውም ሴቶች አሉ።

ስለ ሸክም ግን በተለየ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በወሎ ደጋ ይህ የሕክምናው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንዲት እናት ይህን በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሽዋን ይዛ ዳገት ስትወጣ በሆዷ ውስጥ ያለው ግፊት በቀጥታ የሚያርፈው በዳሌ ወለል ላይ ነው። እንደ ደላንታ፣ መቄትና አምባሰል ባሉ ቦታዎች ምንጩ ብዙ ጊዜ ከመንደሩ በታች ስለሆነ ባዶው ዕቃ ቁልቁለት ይወርዳል፣ የሞላው ዕቃ ዳገት ይወጣል። በዚህ ላይ የማገዶው፣ የኩበቱና ወደ ወፍጮ የሚሄደው እህል ሸክም አለ። ከወለደች ጥቂት ሳምንት ያልሞላት አራስ ወደዚህ ሥራ ስትመለስ ሊጠገን የጀመረው ጡንቻ እንደገና ይጎዳል። በኔፓልና በአገራችን የሰሜን ደጋ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ሸክምን ከዚህ ችግር ጋር በተደጋጋሚ አያይዘውታል። የኩበት ጭስም ተያያዥ ነገር ነው፤ መስኮት በሌለው ቤት ለዓመታት ጭስ የተነፈሰች እናት የማያቋርጥ ሳል ይይዛታል፣ ሳሉም ማህፀኑን ይገፋዋል። እናትዎ የሚያስላቸው ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳይቀሩ።

ብዙ ሰዎች ይህን ችግር ከፊስቱላ ጋር ያቀላቅሉታል፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ምክንያት በሽንት ፊኛና በብልት፣ ወይም በአንጀትና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፤ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ቀንና ሌሊት ያለ ቁጥጥር ይፈሳል። የማህፀን መውጣት ቀዳዳ የለውም። ምልክቱ የክብደትና የመጎተት ስሜት፣ ከብልት የሚወርድ እብጠት፣ ሲተኙ የሚቀልና ወደ ማታ የሚብስ የወገብ ሕመም፣ ሽንትን አሟጥጦ መሽናት አለመቻል፣ ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ጥቂት ሽንት ማምለጥ፣ በግንኙነት ጊዜ አለመመቸት ነው። ከማህፀኑ ጋር የሽንት ፊኛው ከፊት፣ የአንጀቱ መጨረሻ ከኋላ አብረው ሊወርዱ ይችላሉ፤ እናትዎ ለመሽናት በጣታቸው መግፋት ያስፈለጋቸው የፊኛው ወለል አብሮ ወርዶ የሽንት ቱቦው ስለሚታጠፍ ሊሆን ይችላል። ሽንት ሁልጊዜ በፊኛ ውስጥ ሲቀር ኢንፌክሽን ያመላልሳል፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ በቆየ ማህፀን ደግሞ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱት ቱቦዎች ታጥፈው ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ከችግሩ ጋር ሃያ ዓመት የኖሩ እናቶች ስላሉ «አይገድልም» ተብሎ ይታለፋል፤ ኩላሊት ግን ሲጎዳ ሕመም ሳያሰማ ነው የሚጎዳው።

ሐኪሞች ደረጃውን የሚለኩት የብልት መግቢያን መነሻ አድርገው ነው። በ1ኛው ደረጃ የወረደው ክፍል ከመግቢያው በላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ በውስጥ አለ፤ ሴቲቱ ምንም ላይሰማት ይችላል። በ2ኛው ደረጃ መግቢያው አካባቢ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ከላይ ወይም ከታች ይገኛል። በ3ኛው ከዚያ አልፎ ይወጣል፤ በ4ኛው ማህፀኑ በሙሉ ውጭ ነው። እንደ ገለጻዎ እናትዎ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ደረጃ ላይ ያሉ ይመስላል፤ ይህን የሚያረጋግጠው ግን ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራው እናትዎ የሚፈሩትን ያህል አይደለም፤ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ቢያውቁ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። መጀመሪያ ስለ ወሊዳቸው፣ ስለ ሽንትና ዓይነ ምድራቸው፣ ስለ ደሙ ይጠየቃሉ። ከዚያ ከወገባቸው በታች በአንሶላ ተሸፍነው በጀርባቸው ይተኛሉ፤ እንዲያስሉና እንደ ማማጥ እንዲገፉ ይነገራቸዋል፤ በዚያን ጊዜ የወረደው ክፍል ምን ያህል እንደሚመጣ ይለካል። ተኝተው ካልታየ ቆመው እንዲያስሉ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ጠዋት የማይታየው ከረጅም ጉዞና ከድካም በኋላ ስለሚገለጥ፣ «ዛሬ እኮ አይታይም» ብለው እንዳይመለሱ። የማህፀን በር ይታያል፣ ቁስሉ ይመረመራል፤ አጠራጣሪ ከሆነ ከቁስሉ ላይ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ሽንት ይመረመራል፣ ከሸኑ በኋላ በፊኛቸው ውስጥ የቀረው መጠን ይታያል፤ ማህፀኑና ኩላሊታቸውም በአልትራሳውንድ ይታያሉ። ወንድ ሐኪም ማየቱ የሚከብዳቸው ከሆነ ሴት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ እንድታያቸው፣ ካልሆነም ሴት ባለሙያ አብራ እንድትቆም የመጠየቅ መብት አላቸው፤ እርስዎም አጠገባቸው መቆም ይችላሉ። መጀመሪያ የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢያነጋግሩ ይቀላል፤ እነዚህ ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ የአካባቢውንም ቋንቋና ጓዳ ያውቃሉ።

ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ እንደ ደረጃው ይለያያል። ለ1ኛና ለ2ኛ ደረጃ የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ሽንትንና አየርን በአንድ ጊዜ እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ በእኩል ጊዜ ማሳረፍ ነው፤ ይህን 10 ጊዜ ያህል መደጋገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት፣ ቢያንስ ለሦስትና አራት ወር ሳያቋርጡ መቀጠል ያስፈልጋል። ትንፋሽ አይያዝም፣ ሆድና መቀመጫ አይጨበጥም፣ ወደ ታች አይገፋም። ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥን እንደ ልምምድ መጠቀም ግን አይገባም፤ ፊኛን ሊጎዳ ይችላል። ይህ እንቅስቃሴ ምልክቱን ያቀላል፣ እንዳይብስም ያግዛል፤ ሙሉ በሙሉ የወጣን ማህፀን ግን ወደ ቦታው አይመልስም። ለእናትዎ ደረጃ እርሱ ብቻ ይበቃል ብዬ ብነግርዎ ማታለል ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ፔሳሪ ነው። ይህ ከሲሊኮን የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀለበት ቅርጽ ያለው መደገፊያ ሲሆን፣ ባለሙያ በልክ መርጦ በብልት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ማህፀኑን ከታች ደግፎ ይይዘዋል። በልኩ የተቀመጠ ፔሳሪ አይሰማም፣ ከሥራም አያግድም። ቀዶ ጥገና ለሚፈሩ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ወይም ተራ እየጠበቁ ላሉ እናቶች ጥሩ አማራጭ ነው። ነገር ግን ተቀምጦ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየወጣ መታጠብና የብልት ግድግዳ እንዳልቆሰለ መታየት አለበት። ለዓመታት ሳይታይ የቀረ ፔሳሪ ሥጋውን በልቶ ፊስቱላ እስከ መፍጠር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ለክትትል ጤና ተቋም መመላለስ የማይችሉ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። አሁን ቁስል ስላለባቸው ደግሞ ቁስሉ ታይቶና ታክሞ ነው ፔሳሪ የሚታሰበው።

ለ3ኛና ለ4ኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ ዘላቂው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። አብዛኛው የሚሠራው በብልት በኩል ስለሆነ ሆድ አይቀደድም፤ ብዙ ጊዜም ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ እንጂ ሙሉ በሙሉ በማስተኛት አይደለም። ዓይነቱ በእናቲቱ ዕድሜ፣ በልጅ ፍላጎቷና በትዳር ሕይወቷ ይወሰናል። ማህፀኑን አውጥቶ የብልቱን ጣሪያ ከጅማት ጋር መስፋት አለ፤ ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ላይ ማሰር አለ፤ ግንኙነት ለማይፈልጉ አረጋውያን ደግሞ የብልት ቦዩን መዝጋት አለ። እናትዎና አባትዎ ይህን የመጨረሻውን ከመስማማታቸው በፊት ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ ይረዱ። እዚህ ላይ ሐኪሙን ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማህፀኑ ቢወጣ ጣሪያው በምን ይደገፋል? ቀደም ብዬ እንዳልኩት የተጎዳው ድጋፉ ስለሆነ፣ ማህፀኑን ማውጣት ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ጣሪያው በደንብ ካልታሰረ ብልቱ ራሱ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ቁስሉ እንዲደርቅ የወረደው ክፍል ወደ ውስጥ ተመልሶ በኢስትሮጅን ቅባት ለጥቂት ሳምንታት ሊታከም ይችላል፤ ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ስለ ውጤቱ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። አብዛኞቹ ሴቶች ትልቅ እፎይታ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ችግሩ በአንዳንዶቹ ላይ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ቀድሞ ያልነበረ ሽንት ማምለጥም ሊታይ ይችላል፤ የታጠፈው የሽንት ቱቦ ሲቃና ተሸፍኖ የነበረው ድክመት ይገለጣልና። እንደ ማንኛውም ቀዶ ጥገና የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን አደጋ አለው። ከሁሉ በላይ ግን ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ ቢቻል ለ12 ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት የለባቸውም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጀሪካኑ ከበር ቆሞ የሚጠብቃቸው ከሆነ ስፌቱ አይጸናም። ስለዚህ ከሆስፒታል ቀጠሮ በፊት አባትዎን፣ ወንድሞችዎንና የወንድሞችዎን ሚስቶች ሰብስበው ውኃውን ማን ይቀዳል፣ ሊጡን ማን ያቦካል፣ እህሉን ማን ያስፈጫል የሚለውን መወሰን የእርስዎ ሥራ ይሁን። ውኃውን በአህያ መጫን ውርደት አይደለም፤ ወንድ ልጅ ጀሪካን ቢይዝም ነውር የለበትም። ከዚያም በኋላ ቢሆን የቀድሞው ሸክም ወደ እናትዎ ጀርባ መመለስ የለበትም።

እስከ ምርመራው ቀን ድረስ ግን የሚከተለውን ያድርጉላቸው። የወጣውን ክፍል በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ይጠቡ፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ጋደም ብለው፣ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይመልሱት። እምቢ ካለ በኃይል አይግፉት፤ አብጦ ወይም ጠቁሮ የማይመለስ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጨርቅ፣ ቅጠል፣ ጨው ወይም ቅቤ አይወትፉበት፤ ቁስሉን ያመረቅዘዋል፣ ተረስቶም በውስጥ ሊቀር ይችላል። መቀነትን አጥብቆ ሆድ ላይ ማሰርም ማህፀኑን አይስበውም፤ ግፊቱን ወደ ታች ያበዛዋል። ለሆድ ድርቀት ተልባ በብዙ ውኃ፣ ጎመንና ሌላ አትክልት ይጠቅማቸዋል። ሽንት ጨርሶ ካልወጣ፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ካለ፣ ወይም ደሙ ከበዛ ቀጠሮ አይጠብቁ።

የት እንውሰዳቸው ላሉት፣ በደላንታዋ ከተማ በወገል ጤና ካለው ጤና ተቋም ጀምረው በሪፈር መሄድ ይሻላል፤ የማህበረሰብ ጤና መድህን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱ በእጃቸው ሲኖር ነው አገልግሎቱ የሚሸፈነው። ደሴና ወልዲያ ያሉት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የማህፀን ሐኪሞች አሏቸው። የባሕር ዳሩ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከልም ከፊስቱላ ሌላ ማህፀናቸው የወጣባቸውን ሴቶች ያክማል። ለጠበልም ሆነ ለወዳጃ ዱዓ የሚሄዱ እናቶችን ተዉ አልልም፤ ጸሎቱ ይቀጥል፣ ሕክምናው ግን አይዘግይ።

ስለ ራስዎ የጠየቁት ግን በአጭሩ ሊመለስ የሚችል ነው። የእናት ችግር የልጅን ዕድል በመጠኑ ይጨምራል እንጂ አያስገድድም። በጤና ተቋም ይውለዱ፤ የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት አያምጡ፤ ሆድዎን ማንም ከላይ እንዲገፋ አይፍቀዱ፤ በወሊዶችዎ መካከል በቂ ጊዜ ይስጡ፤ ከወለዱ በኋላ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ሸክም አይንኩ፤ የዳሌ ወለል እንቅስቃሴውን ግን ዛሬ መጀመር ይችላሉ። በእናትዎ ፊት ሲሆኑ ደግሞ «እማዬ፣ ይህ ነገር ብዙ እናቶች ላይ የሚደርስ ነው፤ መድኃኒትም አለው፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ስለ ደሙ የሚነግሯቸውንም በዚያው ይንገሯቸው።